በስም የሚታወቅ ጠባቂ፦ ቁጥጥር በአማርኛ ልቦለድና በኢትዮጵያ ታሪክ

በ1967 ዓ.ም. ሁለት ጽሑፎች በሁለት ከተሞች ታተሙ። ፓሪስ ላይ ፈረንሳዊው ሚሼል ፉኮ ዘመናዊው ወህኒ ቤት እንዴት እንደተወለደ የሚመረምረውን መጽሐፉን አወጣ። ከወራት በኋላ፣ በሐምሌ፣ ደርግ አዲስ አበባ ላይ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገውን አዋጅ ቁጥር 47 አወጀ። የመጀመሪያው ስለ ቁጥጥር የሚታሰብበትን መንገድ በዓለም ዙሪያ ለወጠ። ሁለተኛው በኢትዮጵያ ከተሞች ቁጥጥር የሚሠራበትን ተቋም፣ ቀበሌን፣ አቋቋመ። በዚህች አገር ስለ ቁጥጥር የሚጽፉ ምሁራን ግን ሲበዛ የሚጠቅሱት የመጀመሪያውን ነው።

የፉኮ መጽሐፍ ማዕከላዊ ምሳሌ እንግሊዛዊው ጄረሚ ቤንታም እ.ኤ.አ. በ1791 ያሳተመው የወህኒ ቤት ንድፍ ነው። በመካከል ግንብ ይቆማል፤ ክፍሎቹ ግንቡን ከበው ይሠራሉ፤ እስረኛው ሁልጊዜ ይታያል፣ እሱን የሚያየው ግን አይታየውም። መቼ እንደሚታይ ስለማያውቅ ውሎ አድሮ ራሱን መጠበቅ ይጀምራል። ጠባቂው ስም አያስፈልገውም፤ እንዲያውም ግንቡ ባዶ ሊሆን ይችላል። የጆርጅ ኦርዌል እ.ኤ.አ. በ1949 የወጣው ‹1984› ልቦለድም ከዚህ ብዙ አይርቅም፦ በየግድግዳው የሚያየው ዓይን የማን እንደሆነ ማንም አያውቅም።

የኢትዮጵያ ታሪክና ከእሱ የበቀለው የአማርኛ ልቦለድ የሚያሳዩት ቁጥጥር ሌላ ነው። እዚህ ጠባቂው በስም ይታወቃል። ዘመድ ነው፣ ጎረቤት ነው፣ የሥራ ባልደረባ ነው፣ አንዳንዴም የእድር አባል። ኃይሉም ጭካኔውም ከዚህ ትውውቅ ይመነጫል። ደካማ ጎኑም እዚያው ነው፤ የሚያውቅ ጠባቂ ራሱም የሚታወቅ ነውና።

ይህ ዓይነቱ ቁጥጥር ሥሩ ሩቅ ነው። በአምባሰል የምትገኘው ግሸን፣ ኋላም በጎንደር ዘመን ወህኒ አምባ፣ የነገሥታቱ ወንድሞችና የወንድሞች ልጆች በጥበቃ የሚቀመጡባቸው ተራሮች ነበሩ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ዙፋኑን ሊቀማ የሚችለው ሥጋ ዘመድ ነው። ነገር ግን ንጉሡ ሲሞት መኳንንቱ ተተኪ የሚያወርዱት ከዚያው ተራራ ነበር። ስለዚህ የአምባው ጠባቂ የሚጠብቀውን ሰው በሁለት ዓይን ማየት ነበረበት፤ ዛሬ የታሰረ፣ ነገ ምናልባት ንጉሥ። በ1500ዎቹ መጀመሪያ ላይ ኢትዮጵያን የጎበኘው ፖርቹጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ከመሳፍንቱ መልእክት ይዞ የወጣ መነኩሴ መገረፉን ጽፏል። እዚያ ተራራ ላይ ከሰው ይበልጥ በጥብቅ የተያዘው ቃል ነበር።

የአምባው ወሬ አውሮፓ ደርሶ ልቦለድ ሆነ። የፖርቹጋላዊውን የኢየሱሳዊ ሚስዮናዊ የጀሮኒሞ ሎቦን የጉዞ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1735 የተረጎመው ሳሙኤል ጆንሰን፣ እ.ኤ.አ. በ1759 ‹ራሴላስ፣ የአቢሲኒያው ልዑል›ን አሳተመ። የጆንሰን ልዑል የተቀመጠው ምንም ባልጎደለበት ውብ ሸለቆ ነው፤ የሚያስጨንቀውም መሰልቸት ነው። ስለዚህ ሾልኮ ወጥቶ ደስታን ፍለጋ ዓለምን ይዞራል። ጥያቄው የአንድ ሰው ነፍስ ጥያቄ ሆነ። በታሪካዊው አምባ ላይ የነበረው ጥያቄ ግን የዘመዳሞች ነበር፦ ወንድም ወንድሙን ሳይገድለው እንዴት ይይዘዋል? ጆንሰን ይህን ጥሎ ሸለቆውን ብቻ ወሰደ። ከሁለት ምዕተ ዓመት በኋላ ጥያቄውን ያነሣው የአማርኛ ልቦለድ ነው።

የሐዲስ ዓለማየሁ ‹ፍቅር እስከ መቃብር› በ1958 ዓ.ም. ሲወጣ ደራሲው አርበኛ፣ በጣሊያን ደሴቶች የጦር እስረኛ፣ ዲፕሎማትና ሚኒስትር ሆነው አልፈዋል። መታሰርንም መግዛትንም ከውስጥ ያውቃሉ። ልቦለዱን የፍቅር ታሪክ ብቻ አድርጎ ያነበበ ግማሹን ሳያነብ ቀርቷል። የባላባቱ የፊታውራሪ መሸሻ ቤት የቁጥጥር ቤት ነው፤ መሣሪያውም ቁልፍ ሳይሆን የዘር ቆጠራ ነው። ልጃቸውን ሰብለወንጌልን ሊያገባ የመጣ ሁሉ በትውልዱ እየተመዘነ ይመለሳል። አባት ልጁን አይጠላም፤ ይልቁንም ከአቅም በላይ ይኮራባታል። ዕድሜዋ እየገፋ የሚሄደው በዚያ ኩራት ምክንያት ነው። ፍቅረኛዋ በዛብህም የሚገባው በቤቱ ፈቃድ፣ አስተማሪ ሆኖ ነው። ከእሱ ጋር ያለው ፍቅር የሚያድገው ቁጥጥሩ ራሱ ባዘጋጀው ወንበር ላይ ነው።

ሐዲስ በሰብለ ጉዳይ ብቻ አልቆሙም። ፊታውራሪ በቤታቸው የሚሠሩትን በገበሬዎቻቸውም ላይ ይሠራሉ፤ ከቆየው ልማድ በላይ ግብር ይጠይቃሉ። ገበሬው ሲያምጽ የጌታውን ባሕርይና አቅም አንድ በአንድ ያውቃል፤ ስለዚህ ተዋግቶ ይማርካቸዋል። ትውውቁ ተገለበጠ፦ ለዘመናት ተቆጣጣሪውን ያገለገለው እውቀት ተቆጣጣሪውን ያዘው። ሐዲስ ይህን ያሳዩት ከየካቲቱ አብዮት ስምንት ዓመት ቀድመው ነው።

ከሁሉም የሚረቀው ግን የጉዱ ካሳ ነገር ነው። ካሳ ዳምጤ የቤቱ ዘመድ ነው። ሥርዓቱ እንደተበላሸና እንደሚፈርስ በግልጽ ይናገራል። ስለ ንግግሩ ማንም አያስረውም፤ ማንም አያባርረውም። ‹‹ጉዱ›› ተብሏልና የፈለገውን ይላል። ለሥርዓቱ ይህ ከእስር ይልቅ ርካሽ ነው። የታሰረ ሰው ቃል ይፈለጋል፤ ያበደ የተባለ ሰው ቃል ይሳቅበታል። ሐዲስ እዚህ ላይ ኦርዌልም ቤንታምም ያላዩትን አይተዋል፦ ሰውን ሳይነኩ፣ በዝምድና ወንበር ላይ እንዳስቀመጡ፣ ንግግሩን ብቻ ዋጋ ማሳጣት።

የማያውቅ ጠባቂ ምን እንደሚያደርግ ለማየት የ1929ን ዓመት ማስታወስ ይበቃል። የካቲት 12 በጣሊያናዊው ገዥ በማርሻል ግራዚያኒ ላይ የመግደል ሙከራ ከተደረገ በኋላ የፋሺስቱ አስተዳደር አዲስ አበባን በደም አጠበ። ግራዚያኒ በመጋቢት ወደ ሮም በላከው ቴሌግራም ጠንቋዮችን፣ አዝማሪዎችንና ተረት ነጋሪዎችን እንደ ዋና የዓመፅ ወሬ አሰራጮች ፈርጆ ተይዘው እንዲገደሉ ማድረጉን አሳውቋል። አዝማሪ በኢትዮጵያ ቤተ መንግሥትም በጠጅ ቤትም ለዘመናት ጌታን ሲያወድስና ሲሸነቁጥ የኖረ ሰው ነው። ባለአገሩ ጌታ ቅኔው ይገባዋል፤ ሲነካ ይስቃል፣ ይሸልማል፣ ሲከፋም ይቀጣል። ባዕዱ ገዥ ግን ግጥሙ ስላልገባው መልሱ ጥይት ሆነ። ከየትኛውም ንድፈ ሐሳብ በላይ ይህ ልዩነት አገር በቀሉ ቁጥጥር ምን ላይ እንደቆመ ይነግራል፦ መስማት ላይ።

አዋጅ 47 ይህን መስማት ተቋም ሰጠው። ቀበሌ ሲጀመር የነዋሪዎች ማኅበር ነበር። የኪራይ ዋጋቸው እስከ መቶ ብር የሆኑ ቤቶችን ያስተዳድር ነበር፤ ትንንሽ ክሶችን የሚያይ ፍርድ ሸንጎም ነበረው። ቆይቶ መታወቂያ ሰጠ፣ በቀበሌ ሱቅ ስኳርና ዘይት አከፋፈለ፣ የአብዮት ጥበቃ ጓድ አስታጠቀ። የሚያበላውና የሚይዘው እጅ አንድ ሆነ። በ1969 መጋቢት አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ለቤት በተካሄደው አሰሳ የተፈለገው ጠመንጃ ብቻ አልነበረም፤ የጽሕፈት መኪናና የማባዣ መሣሪያም ነበር። ቁጥጥሩ በጽሑፍ የሚገለበጥ መሆኑን ያውቅ ነበር። የት ቤት እንደሚገባም ያውቅ ነበር፤ የማን ልጅ ሲያመሽ፣ ማን እንግዳ ሲያሳድር፣ የትኛው ተማሪ ሰሞኑን ከቤት እንደጠፋ የሚያይ ሰው ከአሳሾቹ ጋር ነበርና።

እዚህ ላይ ግን ሂሳዊ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በዚያው ዘመን የተረፉ ብዙዎች የተረፉት በዚያው ትውውቅ ነው። ‹‹ዛሬ ማታ እቤት እንዳታድር›› የሚል ቃል የሚልከው ስለ አሰሳው የሰማ ጎረቤት ነበር። የተፈላጊዎችን ስም ከያዘው ዝርዝር ውስጥ ስም የሚያስወጣ አበልጅ ይገኝ ነበር። ቁጥጥርን እንደ አንድ ወጥ ማሽን የሚያይ ንድፈ ሐሳብ ይህን ማስረዳት አይችልም። የደርግን ጭፍጨፋ ከማቃለል የተነሣ አይደለም ይህን ማንሣት ያስፈለገው፤ ጎረቤት ጎረቤቱን አሳልፎ ሲሰጥ የፈረሰው ምን እንደነበረ የሚገባው ያ ጎረቤት ማዳንም ይችል እንደነበር ሲታወቅ ብቻ ስለሆነ ነው።

የጽሑፍ ቁጥጥርም ከዚህ ውጭ አልነበረም። የ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የንግግርና የፕሬስ ነፃነት ‹‹በሕግ መሠረት›› የተጠበቀ ነው ይል ነበር፤ ያም ሆኖ መጽሐፍ ለኅትመት የመንግሥት ሳንሱር ፈቃድ ያስፈልገው ነበር። አቤ ጉበኛ በ1955 ዓ.ም. ያወጣው ‹አልወለድም› በማኅፀን ያለ ጽንስ እንዲህ ባለ ዓለም አልወለድም ሲል የሚከራከርበት ታሪክ ነው። መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ። አቤም በኋላ ኢሉባቦር ጎሬ በግዞት ቆየ። ግዞት ራሱ የትውውቅ ቅጣት ነው፦ ሰውየው ክፍል ውስጥ አይዘጋበትም፤ ዘመድ ወዳጅ ከሌለበት አገር ወስደው በአካባቢው ሹም ዓይን ሥር ያኖሩታል። የአቤ ጽንስ የተመለከተውም ይህን ይመስላል፤ ሰው ከመወለዱ በፊት ጌታው፣ ግብሩና ዕጣው ተወስነው ይጠብቁታል።

የዚህ ሁሉ ጫፍ በዓሉ ግርማ ነው። በዓሉ ጋዜጠኛ ሆኖ መነንን፣ አዲስ ሪፖርተርንና አዲስ ዘመንን አዘጋጅቷል፤ በደርግ ዘመን የማስታወቂያ ሚኒስቴር ቋሚ ተጠሪ ነበር። የሕዝብ ጆሮ ምን እንደሚሰማ የሚወስነው መሥሪያ ቤት ባለሥልጣን ነበር ማለት ነው። በ1974 ዓ.ም. መንግሥት በኤርትራ የቀይ ኮከብ ሁለገብ አብዮታዊ ዘመቻን ሲያካሂድ በዓሉ አሥመራ ነበር። ከዚያ ያመጣው ‹ኦሮማይ› በ1975 ዓ.ም. በኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ታተመ። ኩራዝ የመንግሥት ነበር። መንግሥት አሳተመው፣ መንግሥት ከገበያ ሰበሰበው፣ መንግሥት ደራሲውን ከሥራ አባረረው። በየካቲት 1976 በዓሉ ከቤቱ ወጥቶ አልተመለሰም። ቮልስዋገን መኪናው በቃሊቲ መንገድ ላይ ተገኘች።

‹ኦሮማይ› ለምን ይህን ያህል አስቆጣ? ጦርነቱን የሚተች መሆኑ ብቻ አይመስልም፤ የዘመቻው የናቅፋ ጥቃት አለመሳካቱን ወታደሩ ሁሉ ያውቀዋል። ያስቆጣው ማየቱ ነው። ዋናው ገጸ ባሕርይ ጋዜጠኛው ጸጋዬ ኃይለማርያም የዘመቻው የማስታወቂያ ኃላፊ ሆኖ ከሹማምንቱ ጋር ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይሰበሰባል። በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ የሚቀመጡትን ሰዎች ሲፈሩ፣ ሲፎክሩና ሲዋደዱ ያያል። አንባቢው በገጸ ባሕርያቱ ውስጥ እውነተኛ ባለሥልጣናትን ለየ፤ ባለሥልጣናቱም ራሳቸውን ለዩ። ሲቆጣጠሩ የነበሩ ሰዎች ለመጀመሪያ ጊዜ በቅርብ ዓይን ታዩ። የፊታውራሪ መሸሻ ገበሬዎች በጦር ሜዳ ያደረጉትን በዓሉ በብዕር አደረገው።

ልቦለዱ ከዚህም ይረቃል። በአሥመራው የጸጥታ ሥራ ውስጥ ማን ማንን እንደሚሰልል ማወቅ ያስቸግራል፤ የዘመቻው ሰዎች ጠላትን ሲፈልጉ የጠላት ሰላዮች መካከላቸው አሉ። ሁሉም ሁሉን ስለሚያውቅ ማንም ማንንም አያምንም። በኦርዌል ልቦለድ ሥልጣኑ ሁሉን ያውቃል፣ ተራው ሰው ምንም አያውቅም። በበዓሉ ልቦለድ ሁሉም ትንሽ ትንሽ ያውቃል፤ ሥርዓቱን የሚያናጋውም ይኸው የተበተነ እውቀት ነው።

መጽሐፉ ከተከለከለ በኋላ በድብቅ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ተነበበ። ማን እንደሚያነብ፣ ለማን ማዋስ እንደሚቻል የሚወስነው እንደገና ትውውቅ ነበር። ለማያምኑት ሰው ‹ኦሮማይ›ን አይሰጡም። ስለዚህ ጆሮ ጠቢን የሚያሰማራው መንግሥትና የተከለከለውን መጽሐፍ የሚያዘዋውረው አንባቢ አንድ ዓይነት መረብ ይጠቀሙ ነበር።

በ1985 ዓ.ም. የወጣው የፕሬስ አዋጅ ቁጥር 34 ሳንሱርን ከለከለ፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም አንቀጽ 29 ላይ ደገመው። ከዚያ ወዲህ የደራሲውን ሥራ ከመታተሙ በፊት የሚያነብ መሥሪያ ቤት በሕግ የለም። ትውውቁ ግን ሌላ ቅርጽ ይዞ ቀጠለ፤ ገጠሩንና መሥሪያ ቤቱን ያዳረሰው ‹‹አንድ ለአምስት›› አደረጃጀት ከቀበሌም ጠበብ ያለ፣ ስድስት ሰው የሚበቃው መተያያ ነበር።

አሁን ሁኔታው እየተለወጠ ነው። በ2015 ዓ.ም. የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ወጥቷል፤ የጣት አሻራና የዓይን ምስል የሚወስደው ሥርዓት የባለቤቱን ጎረቤትም አበልጅም ማወቅ አያስፈልገውም። በሰኔ 2011 እንደታየው ኢንተርኔት ለአገር ሁሉ በአንድ ጊዜ ሊዘጋ ይችላል፤ ‹‹ዛሬ ማታ እቤት እንዳታድር›› የሚል ጎረቤት በዚያ ውስጥ ቦታ የለውም። የቤንታም ግንብ፣ ስም የሌለው ጠባቂ፣ ወደ ኢትዮጵያ የገባው እንግዲህ አሁን ነው። አስተማሪ የሆኑት ልቦለዶች፣ ‹ፍቅር እስከ መቃብር›ም ‹ኦሮማይ›ም፣ የሚያውቁትን ጠባቂ ፊት ለፊት አይተው የተጻፉ ናቸው፤ ጥንካሬያቸው ያ ነው። የሚቀጥለው የአማርኛ ደራሲ ሥራ ከእነሱ ይከብዳል። ገጸ ባሕርይ የማይሆን፣ የማይበላና የማይጠጣ፣ በዘመድ የማይለመን ቁጥጥርን በሰዎች ታሪክ ውስጥ ማሳየት ይኖርበታል። የሂስ ሥራም ከዚሁ ይጀምራል፦ የፉኮን ግንብ ባለፈው ታሪካችን ላይ በግድ ከማቆም ይልቅ፣ የራሳችን ልቦለዶች ስለ ትውውቅ ያስተማሩትን ጠንቅቆ መዝግቦ፣ አዲሱ ቁጥጥር ከዚያ በምን እንደሚለይ መለካት።