ሃምሳኛው ቀን

የአይሁድ የሰባቱ ሱባዔ በዓል ቀኑ የሚታወቀው በቆጠራ ነው። በኦሪት ዘሌዋውያን 23 እንደተጻፈው፣ የመከሩ በኵር ነዶ ከቀረበበት ከሰንበት ማግስት ጀምሮ ሰባት ሙሉ ሳምንታት ይቆጠራሉ፤ በሃምሳኛውም ቀን ከአዲሱ መከር ሁለት ኅብስቶች ይቀርባሉ። «ሰንበት» የተባለው የትኛው እንደሆነ ግን አከራክሯል። ፈሪሳውያን የፋሲካውን የዕረፍት ቀን፣ ሰዱቃውያን ሳምንታዊውን ቅዳሜ ያዙ። ቤተ እስራኤል ደግሞ በባህላቸው የሚቆጥሩት ከፋሲካ ሳምንት ማብቂያ ስለነበር በዓሉ ከሌሎች አይሁድ ዘግይቶ ይውልላቸው ነበር።

ክርስቲያኖች በዚህ ቆጠራ ውስጥ ትንቢት ያያሉ። ነዶው ከሙታን በኵር ሆኖ የተነሣው ክርስቶስ ነው፤ ሃምሳኛው ቀን መንፈስ ቅዱስ የወረደበትና ሦስት ሺህ ያህል ሰዎች የተጠመቁበት ነው። ከሁሉ የሚደንቀው እርሾው ነው፦ በእሳት ለሚቀርበው የእህል ቍርባን የተከለከለው እርሾ በእነዚህ ኅብስቶች ውስጥ እንዲገባ ታዟል። አንዳንድ ተርጓሚዎች በሁለቱ ኅብስቶች አይሁድንና አሕዛብን፣ በእርሾው ደግሞ ከድካም ገና ያልጸዱ ምእመናንን ያያሉ፤ ሸጋ ንባብ ነው።

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የመንፈስ ቅዱስ መውረድ የሚከበርበት በዓለ ጰራቅሊጦስ ምንጊዜም እሑድ ይውላል፤ በማግስቱ ጾመ ሐዋርያት ይገባል።