ማዶ የት ነው?

ላይና ታችን፣ ውስጥና ውጭን ለሕፃናት በጨዋታ ከሚያስተምሩት የሥዕል መጻሕፍት መካከል፣ እንግሊዛዊቷ ሠዓሊ ፓት ሃቺንስ በ1968 እ.ኤ.አ. ያሳተመችው «የሮዚ ጉዞ» ምስጋና የሚገባው ነው። አንዲት ዶሮ ግቢውን አቋርጣ፣ ኩሬውን ዞራ ስትሄድ ጽሑፉ የእርሷን መንገድ ብቻ ይናገራል፤ ከኋላ የሚያደባውን ቀበሮ ግን ሕፃኑ ራሱ ከሥዕሉ ያገኘዋል።

ይሁን እንጂ እንዲህ ያለውን መጽሐፍ ተርጉሞ ማቅረቡ ብቻ አይበቃንም። የድሬዳዋ ልጅ መጋላ ቆሞ ማዶ የሚለው ከደቻቱ ወንዝ ወዲያ ያለውን ከዚራን ነው፤ ከዚራ በተሻገረ ጊዜ ግን ማዶ የሚባለው መጋላ ይሆናል። ስፍራው ሳይንቀሳቀስ ስሙ ተለወጠ! ይህን ለማስረዳት ገጹ ሲገለበጥ ወዲህ የነበረው ማዶ የሚሆንበት መጽሐፍ ያሻል።

ነገሩም የጨዋታ ብቻ አይደለም። ብዙውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ የሆነው ደቻቱ፣ በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ በደጋው በጣለው ዝናብ በሌሊት ሞልቶ ከ200 የሚበልጡ ሰዎችን ሕይወት አጥፍቷል። እንግዲህ «ላይ» ማለት ከራሳችን በላይ ያለው ሰማይ ብቻ ሳይሆን ጎርፉ የሚነሣበት አገርም መሆኑን ሕፃኑ በጊዜ ሊያውቀው ይገባል። ለደራስያንና ለሠዓልያን የምናቀርበው አደራ ይህ ነው።