ኩባንያው ሲያድግ ሙያውስ?

በፍጥነት በሚያድግ የቴክኖሎጂ ኩባንያ ውስጥ መሥራት ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል ሲባል፣ ወሬው ከደመወዝ፣ ከአክሲዮንና ከሥራ ሰዓት ብዙም አያልፍም። እነዚህ የሚናቁ ጉዳዮች አይደሉም። ሶፍትዌር መሥራትን ሙያዬ ብሎ የያዘ ሰው ግን ከሁሉ አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት፣ ቦታው የተሻለ ባለሙያ ያደርገው እንደሆነ ነው። በእኔ እምነት የኩባንያ እድገት ለሶፍትዌር ባለሙያ ሌላ ቦታ የማይገኝ ትምህርት ይሰጣል፤ ትምህርቱ የሚደርሰው ግን የሠራው ሥራ ጫና ሲበዛበት አጠገቡ ለቆየ ሰው ነው። ያው እድገት ደግሞ ሰውን ከሠራው ሥራ ይነጥለዋል። የጥቅሙና የጉዳቱ ምንጭ አንድ በመሆኑ፣ ሁለቱን ጎን ለጎን ጽፎ በመደመርና በመቀነስ ብቻ መወሰን አይቻልም።

አሥር ሺህ መዝገብ ባለው ዳታቤዝ ላይ በደንብ ያልታሰበበት ፍለጋ ቢሮጥ ማንም ልብ አይለውም፤ መልሱ ወዲያው ይመጣል። መዝገቡ አሥር ሚሊዮን ሲደርስ ያው ፍለጋ ሲስተሙን ያንቀዋል። ኔትወርክ ሲቆራረጥበት የመክፈያውን ቁልፍ ሁለቴ የተጫነ ደንበኛም ጉዳይ እንደዚሁ ነው። ደንበኞች ጥቂት ሳሉ ሁለቴ የተቆረጠው ገንዘብ በእጅ ተፈልጎ ይመለሳል። እ.ኤ.አ. በሜይ 2021 እንደተጀመረው ቴሌብር ሚሊዮኖች በሚጠቀሙበት አገልግሎት ግን ይህ አይታሰብም፤ እያንዳንዱ የክፍያ ጥያቄ የራሱ መለያ ኖሮት፣ ሲደገም ሲስተሙ ራሱ ማወቅ ይኖርበታል። ይህን በመጽሐፍ ማንበብ ይቻላል። ከመጀመሪያዎቹ ውሳኔዎች የትኛው ጸንቶ የትኛው እንደፈረሰ ማየት ግን ሌላ ነው። ትዊተር እ.ኤ.አ. በ2006 ሲጀመር በሩቢ ኦን ሬይልስ የተሠራ ነበር፤ ተጠቃሚው ሲበዛ አገልግሎቱ ደጋግሞ ከመውደቁ የተነሳ፣ ወፎች ተሸክመው የሚያነሡት የዓሣ ነባሪ ሥዕል የብልሽት ምልክቱ ሆኖ ታወቀ። መሐንዲሶቹ ለዓመታት ሲስተሙን እየከፋፈሉ ዋና ዋና ክፍሎቹን ወደ ስካላና ጃቫ አዛወሩ። በኦገስት 2013 ጃፓን ውስጥ አንድ የአኒሜሽን ፊልም በቴሌቪዥን ሲታይ በአንድ ሰከንድ 143,199 መልእክት ጎረፈ፤ አገልግሎቱ አልወደቀም። በሁለቱ ወቅቶች መካከል እዚያ የቆየ መሐንዲስ ያገኘውን እውቀት፣ ደንበኛው በማይጨምር ድርጅት ውስጥ ሃያ ዓመት የሠራ ሰው ላያገኘው ይችላል።

ጉዳቱም ከዚሁ ይመጣል። ደንበኛ ሲበዛ ሠራተኛ ይበዛል። የአይቢኤምን ኦኤስ/360 ግንባታ የመራው ፍሬድ ብሩክስ እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተመው መጽሐፍ፣ በዘገየ የሶፍትዌር ሥራ ላይ ሰው መጨመር ይበልጥ እንደሚያዘገየው አስረድቷል። ስሌቱ ቀላል ነው፦ አምስት ሰዎች እርስ በርስ ለመነጋገር 10 ጥንድ ግንኙነት ያስፈልጋቸዋል፤ ሃምሳ ሰዎች ግን 1,225። ይህን ለመቀነስ ሥራው ለየቡድኑ ይሸነሸናል፤ ትናንት ሲስተሙን ከዳር እስከ ዳር ያውቅ የነበረው ሰው ዛሬ የአንዲት ቁራጭ ባለቤት ይሆናል። ከዚህም የሚብሰው፣ ጎበዙ መሐንዲስ የጀመረው ሥራ ሳይበስል ማኔጀር መደረጉ ወይም ወደ አዲስ ምርት መዛወሩ ነው። የጻፈው ኮድ ሌሊት ሲበላሽ የሚቀሰቀሰው ኮዱን ያልጻፈ ሌላ ሰው ነው። ቤት ሠርቶ ክረምት ሳይገባ አገር የለቀቀ ግንበኛ፣ ጣሪያው ማፍሰሱን ከየት ያውቃል? ከረጅም የሥራ ሰዓት ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ነው፤ ድካም በእረፍት ይወጣል፣ ያልታየ ስሕተት ግን በሚቀጥለው ሥራ ላይ እንዳለ ይደገማል።

ደንበኛ ሲበዛ ሠራተኛ የግድ አይበዛም ብሎ ዋትስአፕን ጠቅሶ የሚከራከር ይኖራል። ፌስቡክ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2014 በ19 ቢሊዮን ዶላር ሊገዛው ሲስማማ፣ 450 ሚሊዮን ያህል ተጠቃሚ ነበረው፤ ሠራተኞቹ ግን 55 ገደማ ነበሩ። እውነት ነው፤ ክርክሬንም የሚያጠናክር ይመስለኛል። የሚያስተምረው የተጠቃሚ መብዛት ነው፤ የሚያደበዝዘው የሠራተኛ መብዛት ነው። ሆኖም የዋትስአፕ ሥራ በአመዛኙ መልእክት ማድረስ ነበር፤ የመረጠውም ኤርላንግን፣ ማለትም ኤሪክሰን ለስልክ ማዞሪያዎቹ የፈጠረውን ቋንቋ ነው። ገንዘብ የሚያስተላልፍ ወይም በየከተማው ታክሲ የሚያሠማራ ኩባንያ የሕግ፣ የቁጥጥርና የደንበኛ አገልግሎት ሰው መቅጠሩ ግድ ነው። ስለዚህ ሥራ ፈላጊው ኩባንያው ማደጉን ብቻ ሳይሆን፣ ከደንበኛውና ከሠራተኛው ቁጥር የትኛው እንደሚፈጥን መጠየቅ አለበት።

የገንዘቡ ክርክር ይከብዳል። ቤተሰብ የሚረዳ ሰው ትምህርት አይበላም ቢለኝ አልቃወመውም። በአሜሪካ የተለመደው የአክሲዮን ውል በአራት ዓመት የሚጠናቀቅ ነው፤ ዓመት ያልሞላው ሠራተኛ ምንም ሳያገኝ ይወጣል። ዓመታትን አስቆጥሮ የሚወጣውም ብዙ ጊዜ የመግዛት መብቱን በ90 ቀን ውስጥ ካልተጠቀመበት ያጣዋል። የአክሲዮኑ ዋጋ ደግሞ በእጁ አይደለም፦ ዊወርክ በ2019 መጀመሪያ 47 ቢሊዮን ዶላር ተገምቶ፣ በዚያው ዓመት ለሕዝብ ሊያቀርበው የነበረውን የአክሲዮን ሽያጭ ሰረዘ፤ በኖቬምበር 2023 የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ። ሥራውም ቢሆን ዋስትና የለውም። ሜታ በ2019 መጨረሻ 45 ሺህ ገደማ የነበረውን የሠራተኛ ቁጥር በሦስት ዓመት ውስጥ በእጥፍ ሊያሳድግ ጥቂት ሲቀረው፣ በኖቬምበር 2022 ከ11 ሺህ በላይ ሰዎችን ማሰናበቱን አስታወቀ፤ ዋና ሥራ አስኪያጁም ወጪውን ከልክ በላይ ያሳደገው እሱ መሆኑን አምኗል። አደጋው ለሁሉም እኩል አይደለም። ሲያትል ወይም ዋሽንግተን አካባቢ በኤች-1ቢ ቪዛ የሚሠራ ኢትዮጵያዊ ከሥራ ቢሰናበት፣ ሌላ ቀጣሪ ለማግኘት ወይም ሌላ ፈቃድ ለመጠየቅ ያለው ጊዜ ቢበዛ 60 ቀን ነው። በዚያ 60 ቀን ውስጥ የሚያድነው ያልደረሰለት አክሲዮን አይደለም፤ ይህ ሲስተም ለምን ወደቀ፣ እንዴትስ ተነሣ ተብሎ ሲጠየቅ ከራሱ ሥራ ተነሥቶ መመለስ መቻሉ ነው።

ተቀጣሪ የት እንደሚመደብ የሚወስነው ኩባንያው ነው የሚለው የመጨረሻው ተቃውሞ በከፊል ልክ ነው። ይሁንና ከመቀጠር በፊት ሲስተሙ ሌሊት ሲወድቅ ስልክ የሚደወለው ለማን እንደሆነ፣ ዋናውን ክፍል የጻፉት ሰዎች አሁንም አጠገቡ መኖራቸውን መጠየቅ ይቻላል። የአማዞኑ ቨርነር ቮግልስ በ2006 እንዳስረዳው፣ እዚያ ሶፍትዌሩን የሚሠራው ቡድን ራሱ ሥራ ላይ ሲውልም ይከታተለዋል። አሠራሩ ከባድ ነው፤ እንቅልፍ ይነሳል፣ ትዳርና ልጆችንም ይነካል። ስለዚህ የሌሊት ተራ ተጨማሪ ክፍያና የማግስት እረፍት ሊኖረው፣ ለተደጋጋሚ ብልሽት መነሻ የሆነውን ኮድ ለማስተካከልም በሥራ ሰዓት ጊዜ ሊሰጠው ይገባል። ያንን ጊዜ የሚከለክልና በላይ በላዩ አዲስ ፊቸር ብቻ የሚጠይቅ ኩባንያ፣ ምንም ያህል ቢያድግ፣ ለባለሙያው የሚተርፈው ድካሙ ስለሆነ ቶሎ መልቀቁ ይሻላል።