ጥሩ ኤርፖድ በሰመራ ሙቀት ይለያል

ጥሩ ኤርፖድ ከመጥፎው መለየት የሚጀምረው ገና አንድም ድምፅ ሳይሰማ፣ ክዳኑ ላይ ነው። ኬዙን በአንድ እጅ ይዛችሁ ክዳኑን በአውራ ጣት ግፉት። በወጉ የተሠራ ከሆነ መጀመሪያ ትንሽ ይይዛል፤ ማግኔቱ ሲለቀው በራሱ ሄዶ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ወደ ጎን አይወላገድም። ዝጉትና ክዳኑ ከአካሉ ጋር በሚገናኝበት መስመር ላይ ጥፍራችሁን ሳቡ፤ የትም ቦታ አይይዝም። ከሎግያ ገዝቼ የምጠቀምበት ጥንድ ይህን ፈተና ያልፋል። አንዱን ኤርፖድ ወደ ጎድጓዳው ስታስጠጉት ማግኔቱ ይስበዋል፤ ዞር ብሎ ራሱን ያስተካክልና ሁለቱ ወርቅማ ነጥቦቹ ከኬዙ ነጥቦች ጋር ይገጥማሉ። በጨለማ ሳያዩ ቢመልሱትም አይስትም። ጊሌ የተባለውን የአፋር ጩቤ የሚሠራ ሰው ለስለቱ የተጨነቀውን ያህል ለሰገባው እንደሚጨነቅ ሁሉ፣ ይህን የሠራው ሰውም ዕቃው የሚያርፍበትን ቤት በደንብ አስቦበታል።

ይህች ትንሽ ዕቃ ከአዋሽ ሰባት ኪሎ እስከ ሰመራ ባለው መንገድ ላይ የሚገጥማት ፈተና ቀላል አይደለም። መንገዱ የጅቡቲ መስመር ነው። ባለ ተሳቢ መኪኖች በገዋኔና በሚሌ አድርገው፣ ሎግያንና ሰመራን አልፈው ወደ ጋላፊ ይወርዳሉ። ሹፌሩ ስልክ ያወራበታል፣ ረዳቱ ዘፈን ይሰማበታል፣ የሰመራ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ደግሞ ፀሐይዋ እስክትበርድ ጥላ ፈልጎ ፐብጂ ወይም ፍሪ ፋየር ይጫወትበታል። ከግንቦት ጀምሮ ባሉት ወራት ጥላ ሥር እንኳ ከ40 ዲግሪ በላይ ይሞቃል። ላብ አለ፣ ነፋስ አለ፣ አቧራ አለ። አዲስ አበባ ላይ ዓመት ተደብቆ የሚኖር የአሠራር ጉድለት እዚህ ቶሎ ይወጣል።

ለጌም ከሆነ ትልቁ ጉዳይ መዘግየት ነው። ስልኩ ድምፁን ጨምቆ በሬዲዮ ይልካል፤ ኤርፖዱ ተቀብሎ ይፈታዋል፣ ግራና ቀኙም እኩል እንዲናገሩ ያስማማል። በዚህ መሃል ጥቂት ድምፅ አስቀድሞ ያጠራቅማል፤ ሬዲዮው ለቅጽበት ቢጠፋ ከተጠራቀመው እያወጣ እንዲቀጥል ነው። ክምችቱ በበዛ ቁጥር ዘፈኑ አይቆራረጥም፣ ግን ድምፁ ይዘገያል። ኤስቢሲ በሚባለው የተለመደ አሠራር መዘግየቱ 200 ሚሊሰከንድ አካባቢ ሊደርስ ይችላል። ይህ ምን ያህል እንደሆነ ለማየት በሰመራው አየር እንለካው። 40 ዲግሪ በሆነ አየር ውስጥ ድምፅ በሰከንድ 355 ሜትር ያህል ይጓዛል። ስለዚህ 200 ሚሊሰከንድ የዘገየ ተኩስ፣ ተኳሹ አጠገባችሁ ቢሆን እንኳ፣ 70 ሜትር ርቆ የተተኮሰ ያህል ቆይቶ ነው ጆሯችሁ የሚገባው። የተቀናቃኛችሁን ኮቴ በሰማችሁበት ቅጽበት እሱ በሩን አልፏል።

ሬዘር የተባለው ኩባንያ በ2019 እ.ኤ.አ. ሀመርሄድ የሚለውን ገመድ አልባ ጥንድ ለጌም ብሎ ሲያወጣ የተኩራራበት ቁጥር 60 ሚሊሰከንድ ነበር። ዛሬ መደርደሪያው ላይ ኦራይሞውም ስም የለሹም ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ በርካሹም ካርቶን ላይ «ጌም ሞድ» የሚል ጽሑፍ ታገኛላችሁ። ጌም ሞድ በዋናነት የሚያደርገው ያንን ክምችት ማሳነስ ነው። ማሳነሱን ማንም ይችላል፤ ሙያው ያለው አሳንሶም ድምፁ እንዳይቆራረጥ ማድረጉ ላይ ነው። ለዚህ ደግሞ የአንቴናው አቀማመጥ ወሳኝ ነው። የሰው አካል አብዛኛው ውኃ ስለሆነ ብሉቱዝ የሚጠቀምበትን 2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ ይውጠዋል። አንቴናውን ወደ ጆሮው ሥጋ አስጠግቶ የቀበረ ሠሪ በጌም ሞድ ጊዜ ይጋለጣል። ወደ ውጭ፣ ጣት በሚነካው ሽፋን ሥር የዘረጋው ግን ስልኩ ኪስ ገብቶም ይጸናል። የእኔው ጥንድ ሰው በሞላበት ካፌ፣ የሁሉም ብሉቱዝና ዋይፋይ በሚሻማበት ሰዓት፣ ጌም ሞድ ላይ ሆኖ ሳይቆራረጥ ሠርቷል። ከሁሉ በላይ የማደንቀው ይህን ነው፤ የካርቶኑ ጽሑፍ አይነግራችሁም፣ ብርቱ ሠሪ ግን ሌሊቱን ያደረው ለዚህ ነው።

ሱቅ ውስጥ በዩቲዩብ አትፈትኑት። የቪዲዮ መተግበሪያዎች መዘግየቱን ስለሚያውቁት ምስሉን ራሱን አዘግይተው ከድምፁ ጋር ያስማሙታል፤ የባሰው ኤርፖድ እንኳ ደህና ይመስላል። ጌም ግን ምስሉን ሊያቆይላችሁ አይችልም። የፐብጂን ማሠልጠኛ ሜዳ ክፈቱና አንድ ጥይት ተኩሱ፤ መጀመሪያ በስልኩ ስፒከር፣ ቀጥሎ በኤርፖዱ። በጣታችሁና በጆሯችሁ መካከል ያለውን ክፍተት ወዲያው ታውቁታላችሁ። የኔትወርክ መጎተት ለብቻው ያለ ነገር ነው፤ እሱን በኤርፖዱ አታሳብቡ።

ብዙ ተጫዋች ሳያውቀው የሚጎዳበት ሌላም ነገር አለ። ከቡድኑ ጋር ለማውራት ማይኩን ሲከፍት፣ በተለመደው ብሉቱዝ ስልኩ ወደ ጥሪ አሠራር ይቀየራል። ድምፁ ይቀጥናል፣ ግራና ቀኝ የሚባለው ልዩነት ይጠፋል፣ ኮቴው ከየት በኩል እንደመጣ መለየት ያቅታል። ይህ የሠሪው ጥፋት አይደለም፣ የቆየ የብሉቱዝ ገደብ ነው። በ2020 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነው ኤልኢ ኦዲዮ፣ ኤልሲ3 ከሚባለው አዲስ የድምፅ መጭመቂያ ጋር፣ ለዚህ ችግር መውጫ ይሰጣል፤ ነገር ግን ስልኩም ኤርፖዱም የሚደግፉት መሆን አለባቸው። እስከዚያው ማይኩን የምትናገሩት ሲኖር ብቻ ክፈቱ።

አሁን ወደ አቧራው ልምጣ። ብዙ ካርቶን ላይ «አይፒኤክስ4» የሚል በትንሹ የተጻፈ ነገር አለ፤ ሻጩም «ውኃ አይነካውም» ብሎ ይተረጉመዋል። በዚህ መለኪያ መጀመሪያ የሚመጣው ቦታ የአቧራ፣ ሁለተኛው የውኃ ነው። 4 ማለት ርጭትን ይችላል ማለት ነው፤ ላብ ከዚህ አይከፋም። ኤክስ ግን ለአቧራ ምንም ደረጃ አልተሰጠውም ማለት ነው። ከተሳቢ ጎማ ሥር የሚነሳው ደቃቅ አቧራ በየቀዳዳው በሚገባበት አገር፣ ትልቁ ጥያቄ ሳይመለስ ቀረ ማለት ነው። የእኔው አይፒ55 ነው። የስፒከሩን አፍ የሸፈነውን ወንፊት ወደ ብርሃን አዙሬ ስመለከተው የብረት ነው፤ ቀዳዳዎቹ እኩል ናቸው፣ ዙሪያውን የፈሰሰ ሙጫ የለም፣ ጠርዙም ከፕላስቲኩ ዝቅ ብሎ ስለተቀመጠ ጥፍር አይነቅለውም። ርካሹ ላይ ከላይ የተለጠፈ ስስ ጨርቅ ታያላችሁ፤ ላብ ሲደጋገምበት ጫፉ መነሳት ይጀምራል፣ ከዚያ በኋላ አቧራው በቀላሉ ይገባል።

ሙቀቱንም አልረሳሁም። ሊቲየም ባትሪ ከ45 ዲግሪ በላይ ሞቆ ሳለ ቻርጅ ከተደረገ ዕድሜው ያጥራል። ጠንቃቃ ሠሪ ኬዙ ውስጥ ሙቀት መለኪያ ያስገባና ሲግል ቻርጁን ያቆማል። ባለቤቱ ተበላሸ ብሎ ወደ ሱቅ ይመልሰዋል፤ ዕቃው ግን ራሱን እያዳነ ነው። ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ዳሽቦርድ ላይ አትተዉት፣ ቻርጁንም ለሌሊት አድርጉት።

ጆሮ ውስጥ የሚገባውን የኤርፖዱን ጎማ ነቅላችሁ በሁለት ጣት ጫን በሉት። ጥሩው ጎማ ሥሩ ላይ ወፈር ይላል፣ ወደ ጠርዙ እየሳሳ ይሄዳል፤ ስሱ ጠርዝ የጆሮን ቅርጽ ተከትሎ ይተኛል። ካልገጠመ ወፍራሙ ድምፅ በክፍተቱ ይወጣና ሰው ስፒከሩን ይወቅሳል። የሁለቱ ጆሮዎቻችሁ ልክ ላይመሳሰል ስለሚችል ለግራው መካከለኛ፣ ለቀኙ ትንሹ ቢሆን ነውር የለውም። በደንብ የገጠመ ጎማ የመኪናውን ጩኸት ስለሚከላከል ድምፁን ከፍ ማድረግ አያስፈልግም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ያስቀመጠው ልክ 80 ዴሲቤል በሳምንት 40 ሰዓት ነው፤ በሞተር ጩኸት ላይ ድምፅ ጨምሮ የሚያዳምጥ ሰው ከዚህ በቀላሉ ያልፋል።

የእኔው ጥንድ አንድ ጉድለት አለው። ሽፋኑ በንክኪ ነው የሚታዘዘው፤ በላብ የረጠበ ጣት ሲነካው አንዳንዴ ዘፈን ያሳልፋል፣ አንዳንዴ ጥሪ ይዘጋል። ለዚህ አየር የሚጫን ቁልፍ ይሻል ነበር።

በዕለት ተዕለት ግን የሚያስደስተኝ ከጆሮ ሲወጣ ማወቁ ነው። ውስጡ ያለው ትንሽ ዳሳሽ ቆዳ ሲርቀው ዘፈኑን ያቆማል፣ ሲመለስ ካቆመበት ይቀጥላል። አፋር ዳጉ የሚለዋወጥ ሕዝብ ነው። ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ ቆመው ወይም ተቀምጠው የየመጡበትን ወሬ ይጠያየቃሉ፤ ስለ ውኃው፣ ስለ ግጦሹ፣ ስለ ሰዉ። የሰማ ሰው የሰማውን ሳያዛባ ለሚቀጥለው ማድረስ አለበት። ጆሮውን ደፍኖ ሰላምታ የሚቀበል ሰው እዚህ ያስቀይማል። ስለዚህ በአንድ እጅ መዘዝ ተደርጎ ወዲያው ዝም የሚል ኤርፖድ ከስንት ጌጥ ይበልጣል። ሹፌሮችም አንዱን ብቻ አድርገው ሌላውን ጆሮ ለመንገዱ ይተዉ፤ በወጉ የተሠራ ጥንድ ግራውም ቀኙም ለየብቻቸው ይሠራሉ።

የአዋሽና የሎግያ ባለ ሱቆች፣ አንድ ጥንድ ለመሞከሪያ ክፍት አድርጋችሁ አስቀምጡ፣ ጎማውንም ለየሰዉ ቀይሩለት። እናንተም ገዢዎች ከዋጋው በፊት ከአይፒ ቀጥሎ ያለውን አንብቡ። 5 ወይም 6 ከሆነ ተከራከሩና ግዙ፤ ኤክስ ከሆነ ለሰመራ አይሆንም።