የናሚካዋ ጥቁር መደብ

መጀመሪያ ዓይን የሚይዘው ጥቁሩ ነው። ጃፓናዊው ናሚካዋ ያሱዩኪ እ.ኤ.አ. በ1899 በኪዮቶ የሠራው የአበባ ማስቀመጫ መደቡ ድቅድቅ ሌሊት ነው፤ በላዩ የቼሪ አበባ ፈክቷል፣ ለጋ የሜፕል ቅጠል ወጥቷል፣ ወፎች አርፈዋል። ከሩቅ ለሚያየው የሠዓሊ ሥራ ይመስላል። ፎቶግራፉን አጉልቼ ስመለከት ግን እያንዳንዱ ቅጠልና ላባ ዳር ዳሩን በሽቦ ታጥሯል። ሽቦውም አንድ ወጥ አይደለም፤ አንዳንድ ቦታ ወፈር ብሎ ይነሳና ጫፉ ላይ ሲደርስ እንደ ፀጉር ይሳሳል፤ ተጭኖ የጻፈ ብርዕ ቀስ እያለ ከወረቀቱ ሲነሳ እንደሚተወው መስመር።

ጃፓኖች ሙያውን ሺፖ ይሉታል፤ «ሰባቱ ዕንቁዎች» ማለት ነው። በየቤታችን ካለው ቅቡ ከሚላላጠው ትሪና ኩባያ ጋር ዘመዳሞች ናቸው፤ ሁለቱም ብረታ ብረት ላይ የቀለጠ ብርጭቆ ናቸው። እዚህ ግን መዳቡ ተቀጥቅጦ ቅርጽ ከያዘ በኋላ ሥዕሉ ይነደፍበታል፤ ቀጭን ሽቦ በወረንጦ እየታጠፈ፣ በጠርዙ እየቆመ፣ ከኦርኪድ ሥር በተሠራ ሙጫ መስመሩን ተከትሎ ይለጠፋል። በሽቦው መካከል ያለችው እያንዳንዷ ጎጆ በውሃ በራሰ ባለቀለም የብርጭቆ ዱቄት ትሞላና እቃው እሳት ይገባል። ዱቄቱ ሲቀልጥ ይሰምጣል። እንደገና ይሞላል፣ እንደገና ይተኮሳል። በመጨረሻ በሻካራ ድንጋይ፣ ከዚያ በለሰለሰ፣ ከዚያ ይበልጥ በለሰለሰ ይፈተጋል፤ ጣት ሲያልፍበት ሽቦው የቱ ጋ አልቆ ብርጭቆው የቱ ጋ እንደጀመረ እስከማይለይ ድረስ። እሳት ውስጥ የተፈጠረች አንዲት ስንጥቅ የወራት ድካም ታበላሻለች።

ከሁሉ የሚከብደው ያ ባዶ የሚመስለው ጥቁር ነው። ብርጭቆውን ደግፎ የሚይዘው ሽቦው ስለሆነ የቀደሙት ሠራተኞች መደቡን በሽቦ ጌጥ ይሞሉት ነበር። ናሚካዋ በልዑል ቤት ሲያገለግል የኖረና ሙያውን ጎልምሶ የጀመረ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1878 ኪዮቶ ከገባው ጀርመናዊ ኬሚስት ጎትፍሪድ ዋግነር ጋር የብርጭቆውን ቅመም ሲፈትን ቆይቶ ነው ይህን መስተዋት የመሰለ ጥቁር ያገኘው።

መንግሥትም እንዲህ ያለውን ሥራ አጥብቆ ይፈልገው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1850ዎቹ የምዕራቡ ኃያላን በጫኑት ውል መሠረት በጃፓን ምድር ያጠፋ የውጭ ዜጋ የሚዳኘው በገዛ ቆንስላው ነበር፤ ጃፓን የራሷን ቀረጥ እንኳ በፈቃዷ አትወስንም ነበር። «ያልሠለጠነ» የሚለውን ስም መፋቅ የአገር ጉዳይ ሆነ። የንጉሠ ነገሥት ሜጂ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1873 በቪየናው የዓለም ዐውደ ርእይ ለመጀመሪያ ጊዜ በይፋ ሲቀርብ የባለሙያዎቹን እጅ ሥራ ይዞ ሄደ። ይህም ማስቀመጫ በቤተ መንግሥቱ ትእዛዝ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1900 ፓሪስ ላይ ታየ። ውሎቹን ያስቀየረው የእጅ ሥራው ነው አልልም፤ የአዲሱ ሕግና የጦሩ ድርሻ ይበልጣል። ያው ጦር ኋላ በኮሪያና በቻይና ላይ ያደረሰውን ስለማውቅ አድናቆቴ ከእጅ ሥራው አያልፍም።

የጃፓን ስም እኛም ዘንድ ደርሷል። የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥታችን የሜጂውን አርአያ አድርጓል፤ በ1924 ዓ.ም. ጃፓን የተላኩት ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴም የጉዞ መጽሐፋቸውን «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» ብለውታል።

የናሚካዋ ቤት ዛሬ ሙዚየም ነው። የውጭ አገር ገዢዎች ይመጡበት ስለነበር ጉበኑን ከጃፓን ቤት ልማድ ከፍ አድርጎ አሠራው፤ ረጅሙ እንግዳ ግንባሩን እንዳይመታ። ክፍሉ በመስተዋት በር ወደ ግቢው ኩሬ ያያል። የኩሬው ውሃ እ.ኤ.አ. በ1890 ከተጠናቀቀው የቢዋ ሐይቅ ቦይ የተጠለፈ ነው። ሥራ ቤቱ ውስጥ ጥቁሩን ብርጭቆ ሲፈትጉ ያጠቡበት የነበረውም ይኸው ውሃ ነው።