ከአራት ስም የተሰፋ ቋንቋ

ልጅ ሆኜ ሰፈራችን ውስጥ አንድ ባለሱቅ ነበሩ። አራት ልጆቻቸውን እኩል ስለሚወዱ የሱቃቸውን ስም ሲያወጡ ከእያንዳንዱ ልጅ ስም መነሻዋን ፊደል ወስደው ገጣጠሟት። የወጣው ቃል በየትኛውም ቋንቋ ትርጉም የለውም፤ ታፔላው ላይ ግን በትልቁ ተጽፎ ዓመታት ኖረ። ልጆቹም አልከፋቸውም። ለምን ይከፋቸዋል? አባታቸው “ከዛሬ ጀምሮ ሁላችሁም ስማችሁ ይኸው ነው” አላሏቸውም።

ስለ ብሔር መብትና ራስን በራስ ስለማስተዳደር ክርክር በተነሳ ቁጥር ይህ ታፔላ ትዝ ይለኛል። ምክንያቱም የኛም ሹማምንት በአንድ ወቅት እንደ ባለሱቁ አድርገው ነበር። ወላይታ፣ ጋሞ፣ ጎፋ፣ ዳውሮ ከሚሉት አራት ስሞች መነሻ መነሻውን ለቅመው “ወጋጎዳ” የሚባል ቋንቋ ሰሩ። ባለሱቁ ያላሉትን ግን እነሱ አሉት፤ “በዚሁ ተማሩ!”

ነገሩን ለማያስታውሱ ወጣቶች ባጭሩ ላውጋው። ኅዳር 1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 39 እያንዳንዱ ብሔር፣ ብሔረሰብና ሕዝብ በቋንቋው የመናገር፣ የመጻፍና ቋንቋውን የማሳደግ መብት አለው ይላል። ሕገ መንግሥቱ በጸደቀ በአምስት ዓመቱ፣ አራቱ ሕዝቦች በአንድነት ይተዳደሩበት በነበረው በሰሜን ኦሞ ዞን፣ የአራቱ ቋንቋዎች ቅልቅል የሆነ የመማሪያ መጽሐፍ ታትሞ ትምህርት ቤት ገባ።

ለፍርድ እንዲመች የአሳቢዎቹንም ወገን እንስማ። አራቱ ቋንቋዎች ዘመዳሞች ናቸው። የቋንቋ ሊቃውንትም በአንድ ጎራ ይመድቧቸዋል፤ የወላይታና የጎፋ ሰው ገበያ ላይ ተገናኝቶ አስተርጓሚ አይፈልግም። አራት ዓይነት መጽሐፍ ከማሳተም አንዱን ማሳተም ወጪ ይቀንሳል። አራት ሕዝብ በአንድ መጽሐፍ ቢማር ይቀራረባል ተብሎም ይሆናል። ወረቀት ላይ ሲሰላ እንከን የለውም።

ባለቤቶቹ ግን አልተጠየቁም ነበር። በተለይ ወላይታ ሶዶ ላይ ተማሪው፣ መምህሩና ነዋሪው ኅዳር 1992 ዓ.ም. አደባባይ ወጣ። ጥይት ተተኮሰ። ሰው ሞተ፤ ብዙዎች ታሰሩ። በመጨረሻ መጽሐፉ ከትምህርት ቤት ተሰበሰበ። በ1993 ዓ.ም. ደግሞ ሰሜን ኦሞ ራሱ ፈርሶ ወላይታ፣ ጋሞ ጎፋና ዳውሮ የሚባሉ ዞኖች፣ ባስኬቶና ኮንታ የሚባሉ ልዩ ወረዳዎች ሆነ። ሊያቀራርብ የተጻፈ መጽሐፍ የነበረውንም ዞን በተነው ማለት ነው።

ያን ጊዜ የሰማኋቸው መልሶች ሁለት ናቸው። ባለሥልጣኑ “ጠባብነት ነው” አለ። አዲስ አበባ ቡና ቤት የተቀመጠው ደግሞ “ለአንድ መጽሐፍ ይሞታል እንዴ? የዘር ፖለቲካ ያመጣው ጣጣ!” አለ። እነዚህ ሁለት ሰዎች በሌላ በምንም አይስማሙም። የወላይታን ሰው ባለመስማት ግን አንድ ሆኑ።

እስቲ እኛ እንስማው። ወላይታ የራሱ ንጉሥና የራሱ አስተዳደር የነበረው አገር ነው። በ1887 ዓ.ም. የመጨረሻው ንጉሥ ካዎ ጦና በአፄ ምኒልክ ጦር ተሸንፈው ተማረኩ። ከዚያ ወዲህ ለብዙ አሥርት ዓመታት የወላይታ ልጅ አፍ የፈታበትን ቋንቋ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ጥሎ ነበር የሚገባው። ፊደል የቆጠረው በሌላ ቋንቋ፣ ዳኛ ፊት የቆመው በሌላ ቋንቋ ነው። በስንት ጊዜው “ቋንቋህ ቋንቋ ነው፣ በእሱ ተማር” ተባለ። ደስታውን ሳይጨርስ ደግሞ “ብቻውን አይሆንም፣ ይቀላቀል” ተባለ። የድሮው መንግሥት ቋንቋውን አላየለትም፤ አዲሱ አየለትና እንደ ጨውና በርበሬ ወጥ ውስጥ ጨመረው። የትኛው እንደሚያም የሚያውቀው የደረሰበት ሰው ነው።

የኔ ወቀሳ እዚህ ላይ ነው። “የብሔሮች መብት” የሚለውን ነገር ከሰጪና ከተቀባይ ተለይቶ አስበነው አናውቅም። ዋለልኝ መኮንን በኅዳር 1962 ዓ.ም. በተማሪዎቹ መጽሔት ላይ የብሔረሰቦችን ጥያቄ በግላጭ ሲያነሳ ጥያቄው የእኩልነት ነበር። እኩልነት ደግሞ የሚጀምረው ከመጠየቅ ነው። የአንቀጽ 39 ጸሐፊዎች “እስከ መገንጠል” ድረስ ጻፉ፤ የልጁን መማሪያ መጽሐፍ እስከ መምረጥ ያለውን አጭሩን መንገድ ግን ለሕዝቡ አልለቀቁለትም። መገንጠል የተፈቀደለት ሰው ስለ ፊደል ገበታው ቢጠይቅ ታሰረ።

ይህ የትናንት ታሪክ ነው እንዳትሉ። ቀድሞ ከ7 እስከ 11 ቁጥር የነበራቸው አምስት ክልሎች ተጨፍልቀው የተሰራው የደቡብ ክልልም የዚያው የባለሱቁ ታፔላ ዘመድ ነበር፤ ስሙ ራሱ አቅጣጫ እንጂ የማንም ስም አልነበረም። ሲዳማ በኅዳር 2012 ዓ.ም. ሕዝበ ውሳኔ ወጣ። ደቡብ ምዕራብ በ2014 ዓ.ም. ተከተለ። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ የቀረው ለሁለት ተከፍሎ “ደቡብ” የሚባለው ክልል አከተመ። የወላይታ ዞን ምክር ቤት ታኅሣሥ 2011 ዓ.ም. “ክልል እንሁን” ብሎ ወስኖ ነበር። በ2015ቱ ሕዝበ ውሳኔ ግን የቀረበለት ምርጫ ከሌሎች ጋር በአንድ ክልል መደራጀትን መደገፍ ወይም አለመደገፍ ነው። የራሱ ጥያቄ ወረቀቱ ላይ የለም። የዞኑ ድምፅ በጥሰት ምክንያት ተሰርዞ በሰኔ እንደገና ተሰጠ፤ አዲሱም ክልል መቀመጫውን በስድስት ከተሞች አከፋፈለ። መጽሐፉ ተቃጠለ እንጂ ልማዱ አልተቃጠለም ያሰኛል።

ይሁንና ሹማምንቱን ወቅሼ ብቻ ብቀመጥ ለብሔርተኛው ወገን ማዳላት ይሆንብኛል። ስሙን ሌላ ሰው ያወጣለት ሕዝብ፣ ሥልጣን ሲይዝ ለጎረቤቱ ስም ማውጣት ይወዳል። “መጤ” የምትለዋን ቃል ስንት ቦታ ሰማናት? ሰኔ 2010 ዓ.ም. ሐዋሳ ላይ በሲዳማና በወላይታ ተወላጆች መካከል በተነሳው ግጭት ሰው ሞቷል፣ ብዙ ሰው ቤቱን ጥሎ ወጥቷል። ሁለቱም ለመብታቸው ሲጮኹ የኖሩ ሕዝቦች ናቸው። ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ውስጥም በዚያው በ1992 ዓ.ም. በተካሄደው ምርጫ፣ እዚያው የሚኖሩ እጩዎች የነባር ብሔረሰቦችን ቋንቋ አታውቁም ተብለው ከውድድር ወጡ። የፌዴሬሽን ምክር ቤት የክልሉን የሥራ ቋንቋ ማወቅ ይበቃቸዋል ብሎ የወሰነው በ1995 ዓ.ም. ነው። ምርጫው ካለፈ በኋላ ማለት ነው። ሶዶ ላይ “ቋንቋህን ቀላቅል”፣ እዚያ ደግሞ “ቋንቋችንን ካላወቅህ አትመረጥ”። ሁለቱም ጋ ባለጉዳዩን የጠየቀው የለም።

ታዲያ ራስን ማስተዳደር ምን ይመስላል? እኔ የማውቀው ጥሩ ምሳሌ ከዚያው ከወጋጎዳ ውስጥ፣ “ጋ” ከተባለችው ፊደል የመጣ ነው። መስከረም 2011 ዓ.ም. ቡራዩ ላይ ብዙ የጋሞ ተወላጆች ተገደሉ፣ ተፈናቀሉ። ወሬው አርባ ምንጭ ሲደርስ የተቆጡ ወጣቶች ብድር ለመመለስ ወጡ። የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው መንገዱ ላይ ተንበረከኩባቸው። ወጣቱ ተመለሰ። ንብረት አልጠፋም፤ ቡራዩ ላይ ስለተሰራው የማያውቅ ሰው በዘሩ ምክንያት ደሙ አልፈሰሰም።

እነዚያ አባቶች ክልል አልነበራቸውም፤ በጊዜው ለብቻው የጋሞ የሚባል ዞን እንኳ አልነበረም። የያዙት ሣር ብቻ ነው። ነገር ግን የገዛ ሕዝባቸውን በገዛ ሥርዓታቸው አስተዳደሩ፤ የሰውም መብት ጠበቁ። ለሕዝባቸው የጠየቁትን ክብር ለሌላውም ሰጡ። ክልል የጠየቀም፣ ክልል የከለከለም፣ አንድ ቀን ለመማር ከፈለገ አርባ ምንጭ ሩቅ አይደለም።