እስኪደርቅ ድረስ

መቲ ላይ የወባ ስላይድ የሚያነብ ሰው ከጊምዛ ቀለሙ በፊት አየሩን ያስባል። በማጃንግ ደን ዙሪያ ዝናቡ ለወራት ይዘልቃል፤ ደሙ ቶሎ አይደርቅም። እስኪደርቅ ደግሞ ተሕዋሲው ሥራውን አያቆምም።

ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ተሕዋሲ ጋሜቶሳይት፣ ማለትም የመራቢያ ደረጃው፣ የሙዝ ቅርጹን የሚያገኘው ከገለፈቱ ሥር ከተደረደሩ ማይክሮቱቡሎች ነው። መቅኒ ውስጥ ተሸሽጎ 10 ቀን ገደማ ይበስላል። ሲበስል ማይክሮቱቡሎቹ ይፈርሳሉ፤ ሕዋሱ ይለሰልስና ወደ ደም ዝውውር ይወጣል።

የፋልሲፓረም ሌሎች ትልልቅ ደረጃዎች ግን ከጣት በተወሰደ ደም እምብዛም አይገኙም። ካህርፕ የተባለው ፕሮቲን በቀይ የደም ሕዋሱ ገለፈት ሥር ይከማችና ከሕዋሱ አጽም ጋር ተያይዞ ጉብታ ይሠራል። ከደም ሥር ግድግዳ ጋር የሚጣበቀው ሌላው ፕሮቲን መልህቁን የጣለው እዚያ ጉብታ ላይ ነው። ቫይቫክስ የተባለው ሌላው የወባ ዝርያ ይህ ጉብታ የለውም፤ ስለዚህ በሁሉም ዕድሜ ያለው ተሕዋሲ በአንድ ስላይድ ላይ ይታያል። ጥቂት የፋልሲፓረም ቀለበቶች፣ ማለትም ለጋ ደረጃዎች፣ ብቻ ሳይ በሽታው ቀላል ነው ለማለት የማልቸኩለው ለዚህ ነው፤ ብዙው ጥቃቅን ደም ሥሮች ላይ ተጣብቆ ሊሆን ይችላል።

በስሎ ወደ ደም የወጣው ወንዴ ጋሜቶሳይት ግን የትንኝ ሆድ ይጠብቃል። እዚያ ሙቀቱ በ5 ዲግሪ ገደማ ይወርዳል፤ ዛንቱሬኒክ አሲድም ያገኛል። በአይጥ ወባ ላይ እንደታየው፣ ጌፕ-1 የተባለ የገለፈት ፕሮቲን ሳይክሊክ ጂኤምፒ ከሚሠራው ኤንዛይም ጋር ተጣምሮ ምልክቱን ያስነሣል፤ ካልሲየም ይከተላል። በ15 ደቂቃ ገደማ ዲኤንኤው 3 ጊዜ ይባዛል፤ 8 ጅራታም ሕዋሳትም እየተወራጩ ይወጣሉ። የጅራታቸው አጽም እንደገና ማይክሮቱቡል ነው። ፈረንሳዊው ሐኪም ላቬራን በ1880 እ.ኤ.አ. አልጄሪያ ውስጥ ያየው ይህንኑ መወራጨት ነው።

ችግሩ ቱቦ ውስጥ የቆየ ደምም መቀዝቀዙ ነው፤ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ሲወጣም አሲድነቱ ይቀንሳል። ትንኝ በሌለበት ያው ነገር ይጀመራል። ቀጫጭን ጅራታሞቹ ሲቀለሙ የግርሻ ትኩሳትን የሚያመጣውን ቦሬሊያ የተባለ ባክቴሪያ ይመስላሉ፤ ግርሻ ደግሞ በአገራችን እውነተኛ በሽታ ነው። እኔ መሃል ላይ የጠቆረ ኒውክሊየስ እፈልጋለሁ፤ ቦሬሊያ እንዲህ ያለ ነጥብ የለውም። በዙሪያው የተድቦለቦሉ ጋሜቶሳይቶች ካሉም ልብ እላለሁ። ጥርጣሬው ካልለቀቀኝ ከጣት አዲስ ጠብታ እወስዳለሁ፤ በእሳት ሳይሆን በማራገቢያ ወዲያው አደርቀዋለሁ። ጅራታሞቹ ከጠፉ ወባ ብዬ እጽፋለሁ፤ በአዲሱም ካሉ ግርሻን ይዤ ወደ ሐኪሙ እሄዳለሁ።